የግብርና ድጎማ ለማን ይከፈላል? የተቀባዮችን ስም የማወቅ ጥያቄ ከአሜሪካ እስከ ምሥራቅ አፍሪካ

የሞተ ሰው አያርስም፤ አይዘራም፤ አያጭድም። የአሜሪካ ፌደራል መንግሥት ግን በአውሮፓውያኑ ከ1999 እስከ 2005 ባሉት ሰባት ዓመታት በሕይወት በሌሉ 172,801 ሰዎች ስም 1.1 ቢሊዮን ዶላር የግብርና ድጎማ ከፍሏል። ከዚህ ገንዘብ 40 በመቶ የሚሆነው የተከፈለው ከሞቱ ሦስት ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆናቸው ሰዎች ነበር።

ይህን በ2007 ይፋ ያደረገው የአገሪቱ ምክር ቤት የኦዲት ክንድ የሆነው የመንግሥት ተጠያቂነት ቢሮ ነው። ክፍያው ሁሉ ማጭበርበር ነበር ማለት አይደለም። ገበሬው ሲሞት ውርሱ እስኪጣራ ድረስ ለተወሰነ ጊዜ በስሙ ክፍያ እንዲቀጥል ሕጉ ይፈቅዳል። ችግሩ የግብርና መሥሪያ ቤቱ ከዚያ በኋላ እየተከታተለ አለማጣራቱ ነበር። ኦዲተሮቹ ጉድለቱን ያገኙበት መንገድ ቀላል ነው፦ የድጎማ ተቀባዮችን ስም ዝርዝር ከሟቾች መዝገብ ጋር አስተያዩት።

ይህ ታሪክ በአሜሪካ፣ በአውሮፓና በአፍሪካ ለበርካታ ዓመታት ሲያከራክር የቆየ ጥያቄን በአጭሩ ያሳያል። መንግሥት ከግብር ከፋዩ ኪስ ወስዶ ለገበሬ የሚሰጠው ገንዘብ ለማን እንደደረሰ ሕዝብ በስም የማወቅ መብት አለው? ወይስ አንድ ገበሬ ከመንግሥት የተቀበለው ገንዘብ በእርሱና በመንግሥት መካከል ብቻ የሚቀር ምስጢር ነው?

ድጎማው ከየት መጣ?

የዛሬው የአሜሪካ የግብርና ድጎማ መሠረት የተጣለው በታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ዘመን ነው። የእህልና የጥጥ ዋጋ በወደቀበት፣ ገበሬው ዕዳውን መክፈል አቅቶት መሬቱን በሚያጣበት በ1933፣ በፕሬዝዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት አስተዳደር አዲስ የግብርና ሕግ ወጣ። ሐሳቡ ምርት ሲቀንስ ዋጋ ይነሣል የሚል ነበር። በዚህም መሠረት ገበሬዎች የሚያርሱትን መሬት እንዲቀንሱ ገንዘብ ተከፈላቸው፤ በዚያው ዓመት በማሳ ላይ የበቀለ ጥጥ ሳይለቀም ተገለበጠ።

ገንዘቡ የተከፈለበት መንገድ ግን ገና ከጅምሩ ችግር ነበረበት። በደቡባዊ ግዛቶች ጥጡን የሚያለሙት በአብዛኛው የራሳቸው መሬት የሌላቸው፣ ምርቱን ከባለመሬቱ ጋር የሚካፈሉ አራሾች ነበሩ። ከእነርሱም ብዙዎቹ ጥቁር አሜሪካውያን ናቸው። ክፍያው የሚያልፈው በባለመሬቱ እጅ በመሆኑ፣ ለአራሾቹ ሊደርስ የሚገባው ድርሻ በብዙ ቦታ እዚያው ቀረ። የሚታረሰው መሬት በመቀነሱም ብዙ ቤተሰቦች ከነበሩበት ተፈናቀሉ። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1936 ሕጉን ከሕገ መንግሥቱ ጋር ይጋጫል ብሎ ቢሽረውም፣ በምትኩ የወጡት ሕጎች ድጎማውን አስቀጥለውታል።

በአውሮፓም መነሻው ከዚህ ብዙም የራቀ አልነበረም። የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ረኃብ ከአእምሮ ሳይጠፋ፣ የጋራ የግብርና ፖሊሲ በ1962 ሥራ ላይ ዋለ። መጀመሪያ ላይ ለገበሬው የምርቱ ዋጋ እንዳይወድቅ ዋስትና ይሰጠው ነበር። በ1980ዎቹ ግን ገዥ ያጣ ቅቤና ወይን በመጋዘን ተከመረ። ከ1992 ማሻሻያ ጀምሮ ድጎማው ከምርት ዋጋ እየተላቀቀ ቀጥተኛ ክፍያ ወደመሆን፣ በኋላም በአመዛኙ በመሬት ስፋት የሚሰላ ወደመሆን ተሸጋገረ።

ውጤቱ በሁለቱም አህጉሮች ተመሳሳይ ነው። ክፍያው መሬትን ወይም የምርት መጠንን ስለሚከተል ሰፊ መሬት ያለው ብዙ፣ ጠባብ መሬት ያለው ጥቂት ያገኛል። የአውሮፓ ኮሚሽን ራሱ እንደሚገልጸው ከቀጥተኛ ክፍያው 80 በመቶ ያህሉ የሚደርሰው 20 በመቶ ለሚሆኑት ተቀባዮች ነው። ድጎማው በፖለቲከኞች ንግግር የትንሹ ገበሬ መድኅን እየተባለ ቢቀርብም የገንዘቡ ስርጭት የሚናገረው ሌላ ነው። ስም ዝርዝሩ የተፈለገውም በንግግሩና በክፍያው መካከል ያለውን ይህን ርቀት ለመለካት ነበር።

ምስጢሩ የተገለጠበት መንገድ

በአሜሪካ የተቀባዮች ስም ለሕዝብ ክፍት የሆነው በፍርድ ቤት ክርክር ነው። ዋሽንግተን ፖስት ጋዜጣ የጥጥ ድጎማ ተቀባዮችን ማንነት በመረጃ ነጻነት ሕግ መሠረት ጠየቀ። የግብርና መሥሪያ ቤቱ ይህ የግለሰቦችን የግል ሕይወት ይነካል በሚል ከለከለ። በ1996 ጉዳዩን የተመለከተው የፌደራል ፍርድ ቤት ግን ሕዝቡ የመንግሥትን አሠራር ለመቆጣጠር ያለው ጥቅም ያመዝናል ሲል ለጋዜጣው ፈረደ።

ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ2001፣ መንግሥታዊ ያልሆነ አንድ የአካባቢ ጥበቃ ተቋም በዚሁ ሕግ ያገኘውን መረጃ በኢንተርኔት በመረጃ ቋት መልክ አቀረበው። ከዚያ በፊት በመንግሥት ኮምፒውተሮች ውስጥ የተቀበረውን ቁጥር ማንም ሰው በስም፣ በአውራጃና በሰብል ዓይነት መፈለግ ቻለ። ምክር ቤቱ በ2002 የወጣውን የግብርና ሕግ እየተወያየበት ስለነበር መረጃው የፖለቲካ ክርክሩ ማዕከል ሆነ። በዝርዝሩ ላይ ከትላልቅ እርሻዎች ጋር ትላልቅ ኩባንያዎች፣ በከተማ የሚኖሩ ባለሀብቶችና ማረሻ ነክተው የማያውቁ ዝነኛ ሰዎች ተገኙ። ያው ጋዜጣ በ2006 ባካሄደው ምርመራም፣ ከ2000 ወዲህ ቢያንስ 1.3 ቢሊዮን ዶላር ምንም ዓይነት እርሻ ለማያከናውኑ ሰዎች መከፈሉን አረጋግጧል።

ዝርዝሩ የሕግ ክፍተቶችንም አሳይቷል። በአሜሪካ ሕግ አንድ ሰው በዓመት ሊቀበለው በሚችለው ድጎማ ላይ ጣሪያ አለ። ተቀባዩ በእርሻው ሥራ የሚሳተፍ መሆንም ይጠበቅበታል። ነገር ግን መሳተፍ የሚለው ቃል በጉልበት ብቻ ሳይሆን በአስተዳደርም ሊሟላ ይችላል። ስለዚህ አንድ እርሻ በሽርክና ተዋቅሮ አባላቱን ባበዛ ቁጥር የጣሪያው ልክ በአባላቱ ቁጥር ይባዛል። በ2018 የጸደቀው ሕግ የወንድምና የእኅት ልጆችን እንዲሁም የአጎትና የአክስት ልጆችን በቤተሰብ አባልነት በመቁጠሩ በሩን ይበልጥ አስፍቶታል። በወረቀት ላይ ያለው ጣሪያ አንድ ነገር፣ ወደ አንድ እርሻ የሚገባው ገንዘብ ሌላ ነገር መሆኑን ሕዝብ ያየው ስሞቹ ሲገለጡ ነው።

መጋረጃው ግን ሙሉ በሙሉ አልተገፈፈም። የአሜሪካ መንግሥት ገበሬዎች ለሰብል መድን ከሚከፍሉት ዓረቦን በአማካይ 60 በመቶ በላይ የሚሆነውን ይሸፍናል። ይህ ድጋፍ በብዙ ዓመታት ከቀጥታ ክፍያዎች የሚበልጥ ትልቅ ወጪ ነው፤ በአንድ ሰው ደረጃ የተቀመጠ የክፍያ ጣሪያም የለውም። ሆኖም ተጠቃሚዎቹን በስም መግለጽ በሕግ የተከለከለ ነው። ገንዘቡ ስም ከሚገለጥበት መርሐ ግብር ስም ወደማይገለጥበት እየተዛወረ በሄደ መጠን፣ ግልጽነቱ ሕጉ ባይሻርም እየጠበበ ይሄዳል።

የገበሬው መከራከሪያ

በአውሮፓ በሩ የተከፈተው ከ2004 ጀምሮ ዴንማርክን በመሳሰሉ አገሮች በነበሩ ጋዜጠኞች ጥረት ነው። በ2005 ብሪታኒያ ዝርዝሩን ስትገልጥ የንግሥት ኤልሳቤጥና የያኔው ልዑል ቻርልስ ርስቶች፣ እንዲሁም ታላላቅ የስኳር ኩባንያዎች ከተቀባዮቹ መካከል ተገኙ። ቀጥሎም የአውሮፓ ኅብረት አባል አገሮች በሙሉ የተቀባዮችን ስምና የገንዘብ መጠን በየዓመቱ በኢንተርኔት እንዲያወጡ ተገደዱ።

በዚህ ጊዜ ከጀርመን ሄሰን ግዛት አንድ ገበሬና አንድ የእርሻ ሽርክና ፍርድ ቤት ሄዱ። መከራከሪያቸው ሊናቅ የሚገባው አልነበረም። ለብዙ ገበሬዎች ድጎማ ከዓመታዊ ገቢያቸው ከፍተኛ ድርሻ ይይዛል። ስለዚህ የድጎማው መጠን ሲገለጥ የቤተሰቡ ገቢ ለጎረቤት፣ ለአበዳሪና ለተፎካካሪ ሁሉ ገሃድ ይሆናል። የመንግሥት ድጋፍ ተቀበሉ ተብሎ ደመወዝተኞች ወይም ጡረተኞች ያልተጠየቁት ነገር ገበሬው ለምን ይጠየቃል ሲሉ ሞገቱ።

የአውሮፓ የፍትሕ ፍርድ ቤት ኅዳር 2010 ላይ በሰጠው ውሳኔ ለሁለቱም ወገን ጆሮ ሰጥቷል። ግልጽነት ተገቢ ዓላማ መሆኑን ተቀበለ፤ ኩባንያዎችንና ሌሎች ሕጋዊ ሰውነት ያላቸውን ድርጅቶች በተመለከተም ስም መግለጽ ከልክ ያለፈ አይደለም አለ። ግለሰቦችን በተመለከተ ግን፣ ሕግ አውጪዎቹ የክፍያውን መጠን፣ ዓይነትና ድግግሞሽ ሳይለዩ ሁሉንም በአንድነት መግለጣቸው የግል ሕይወት መብትን ሚዛን በሌለው መንገድ ይጥሳል ሲል ደንቡን በከፊል ሻረው።

ከውሳኔው በኋላ የብዙ ግለሰቦች ስም ከዝርዝሩ ወጣ። በ2013 የወጣው አዲስ ደንብ ግን መካከለኛ መንገድ አበጀ። አነስተኛ ድጎማ የሚቀበሉ ትንንሽ ገበሬዎች ስማቸው እንዲሸፈን፣ የሌሎቹ ግን ከክፍያው ዓይነትና ዓላማ ጋር እንዲገለጥ፣ መረጃውም ለሁለት ዓመት ብቻ በይፋ እንዲቆይ ተደረገ። በዚህ የተነሣ የደኸየው ገበሬ ከጎረቤቱ ዓይን ሲጠበቅ ብዙ የሚወስደው ለሕዝብ ጥያቄ ክፍት ሆነ። ይሁንና የሁለት ዓመቱ ገደብ ሌላ ቅሬታ አስከትሏል፤ ገንዘቡ በረጅም ጊዜ ወዴት እንደሄደ መከተል የሚሻ ተመራማሪ መረጃው ሳይሰረዝ በየዓመቱ ካላስቀመጠው በቀር ዱካው ይጠፋበታል።

ዝርዝሩ ባይኖርስ?

በዚህ ጉዳይ የሕይወት ዋጋ የተከፈለበት ጊዜም አለ። በየካቲት 2018 የስሎቫኪያ ጋዜጠኛ ያን ኩቻክ ከእጮኛው ማርቲና ኩሽኒሮቫ ጋር በመኖሪያ ቤቱ በጥይት ተገደለ። ሳይጨርሰው የቀረው የመጨረሻ ዘገባ፣ ከጣሊያን የማፊያ ቡድን ጋር ግንኙነት አላቸው የተባሉ ነጋዴዎች በምሥራቃዊ ስሎቫኪያ የአውሮፓን የግብርና ድጎማ እንዴት እንደሚሰበስቡ የሚመረምር ነበር። ዐቃቤ ሕግ ግድያውን ያያያዘው ጋዜጠኛው ቀደም ሲል ከሠራቸው ሌሎች ዘገባዎች ጋር ቢሆንም፣ ግድያው ያስነሣው ቁጣ የአገሪቱን ጠቅላይ ሚኒስትር ከሥልጣን አውርዷል።

በግሪክ ደግሞ የአውሮፓ ዐቃቤ ሕግ ቢሮ ባካሄደው ምርመራ፣ ባለቤት ያልሆኑበትንና ያልተከራዩትን የግጦሽ መሬት የራሳቸው አስመስለው ድጎማ የተቀበሉ ሰዎች መኖራቸው ተገለጠ። ብዙዎቹ ጥርጣሬዎች ያተኮሩት በቀርጤስ ደሴት ላይ ነው። አገሪቱ የተሟላ የመሬት መዝገብ የሌላት መሆኑ ለማጭበርበሩ አመቺ ሆኗል። የአውሮፓ ኮሚሽን በ2025 በግሪክ ላይ 392 ሚሊዮን ዩሮ ቅጣት ጣለ፤ አንድ ሚኒስትርና ምክትል ሚኒስትሮች ሥልጣናቸውን ለቀቁ፤ መንግሥትም ድጎማ ከፋዩን ተቋም ለማፍረስ ወሰነ። ቅጣቱ የሚወርደው በግሪክ በጀት ላይ ነው። ተጎጂዎቹ በትክክል የሚያርሱና የሚያረቡ፣ ክፍያቸው የዘገየባቸው ገበሬዎችም ናቸው።

የግሪኩ ጉዳይ ሌላ ትምህርትም አለው። በዚያ አገር የአውሮፓ ኅብረት የግልጽነት ደንብ ተፈጻሚ ነበር። ስም ብቻውን አላዳነም። ስሙ ከመሬት መዝገብ ጋር ካልተያያዘ አንድ ሰው ገንዘብ ተቀበለ ከማለት አልፎ በምን መሬት ላይ፣ በምን መብት ተቀበለ የሚለውን ማረጋገጥ አይቻልም።

በምሥራቅ አፍሪካ፦ ገንዘቡ በጆንያ ሲመጣ

በአፍሪካ የግብርና ድጎማ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው በባንክ ሒሳብ ሳይሆን በማዳበሪያ ጆንያ፣ በምርጥ ዘርና በኩፖን ነው። በ2003 በማፑቶ የተሰበሰቡት የአፍሪካ መሪዎች ከበጀታቸው ቢያንስ 10 በመቶውን ለግብርና ለመመደብ ቃል ከገቡ ወዲህ፣ በርካታ መንግሥታት ይህን መንገድ ተከትለዋል።

ማላዊ ቀዳሚዋ ምሳሌ ናት። ከድርቅ በኋላ በ2005 መገባደጃ የፕሬዝዳንት ቢንጉ ዋ ሙታሪካ መንግሥት ለአነስተኛ ገበሬዎች የማዳበሪያና የበቆሎ ዘር ኩፖን ማደል ጀመረ። ኩፖኑ ለሁሉም አይበቃም ነበር። ማን ያገኛል የሚለው ጥያቄ ከቤተ መንግሥት ወጥቶ ወደ መንደር ሹሙ ደጅ ወረደ። አድልዎን ለመቀነስም የተጠቃሚዎች ምርጫ በግልጽ የመንደር ስብሰባ እንዲካሄድ ተወሰነ። ይህ ኢንተርኔት የማይደርስበት የግልጽነት መንገድ ነው፤ ስሙ በጎረቤቶች ፊት ይነበባል፤ የሞተው፣ ከመንደር የወጣው ወይም የሌለው ሰው ስም ሲጠራ የሚያውቅ ሰው እዚያው አለ። በብዙ መንደሮች ነዋሪዎች የደረሳቸውን ኩፖን ለሁሉም አካፍለው መጠቀማቸውም ታይቷል።

ይሁንና የመንደር ስብሰባ የሚቆጣጠረው የታችኛውን ጫፍ ብቻ ነው። በ2022 የማላዊ መንግሥት ለድጎማው ማዳበሪያ እንዲያቀርብ ለአንድ በሥጋ ንግድ ለሚተዳደር የብሪታኒያ ድርጅት ቅድሚያ ክፍያ መፈጸሙ ታወቀ። ፕሬዝዳንት ላዛረስ ቻክዌራም የግብርና ሚኒስትራቸውን አሰናበቱ። የገበሬው ስም በአደባባይ ሲነበብ የአቅራቢው ማንነት በቢሮ ተሸፍኖ ከቀረ፣ ብርሃኑ የበራው ትንሹ ገንዘብ ባለበት ክፍል ነው ማለት ነው።

በታንዛኒያም የኩፖን አሠራር ተሞክሯል። በኪሊማንጃሮ አካባቢ የተካሄደ ጥናት ከታደሉት ኩፖኖች 60 በመቶ ያህሉ የደረሱት ለተመረጡ የመንደር ባለሥልጣናት መሆኑን አሳይቷል። ክፍተቱ የከፋው ደግሞ ከመንገድ በራቁና የሀብት ልዩነት በሰፋባቸው መንደሮች ነበር። አዳዩም ተቀባዩም አንድ ሰው በሆነበት ሁኔታ፣ ዝርዝሩን የሚያየው ሌላ ዓይን መኖሩ ቅንጦት አይደለም።

ኬንያ በበኩሏ ከ2022 ወዲህ ገበሬዎችን በዲጂታል መዝግባ፣ በድጎማ ማዳበሪያ ማግኘት የሚችሉበትን መልእክት በስልካቸው መላክ ጀምራለች። የ50 ኪሎ ጆንያ ዋጋ በመጀመሪያ ወደ 3,500፣ በ2023 ደግሞ ወደ 2,500 ሽልንግ ወረደ። አሠራሩ ደላላን የሚያስቀር ተብሎ ቢወደስም፣ በ2024 በመንግሥት መጋዘኖች በኩል ለገበሬዎች የተሸጠ ማዳበሪያ ከደረጃ በታች ሆኖ መገኘቱ ታላቅ ቁጣ አስነሣ። ሕግ አውጪዎች የግብርና ሚኒስትሩን ለመክሰስ ድምፅ ሰጡ፤ በኋላ ግን ጉዳዩን የመረመረው ኮሚቴ ነጻ አወጣቸው። በዚህ ጊዜ ገበሬው በመዝገቡ ላይ ነበር። የጠፋው በጆንያው ውስጥ ያለው ነገር ነው።

በኢትዮጵያ ጥያቄው መልኩን ይቀይራል

በኢትዮጵያ ማዳበሪያ በመንግሥት በኩል በጅምላ ከውጭ ተገዝቶ በኅብረት ሥራ ዩኒየኖችና በመሠረታዊ ማኅበራት አማካይነት ለአርሶ አደሩ ይደርሳል። መንግሥት የሚደጉመው የማዳበሪያውን ዋጋ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ከውጭ የሚገባው ማዳበሪያ በብር ሲተመን ይበልጥ ስለተወደደ፣ ድጎማው በመንግሥት በጀት ላይ ያለው ክብደት ጨምሯል።

ድጎማው በዋጋ ውስጥ ሲካተት፣ እገሌ ይህን ያህል ብር ተቀበለ የሚል ዝርዝር አይኖርም። ድጎማውን የሚያገኘው ጆንያውን ያገኘ ነው። ስለዚህ ጥያቄው ጆንያው ለማን ደረሰ ወደሚል ይለወጣል። በ2015 ዓ.ም. የክረምት መግቢያ የማዳበሪያ እጥረት በተከሰተበት ወቅት በአማራ ክልል አርሶ አደሮች ቅሬታቸውን በአደባባይ አሰምተዋል። እንዲህ ባለው ጊዜ በመንግሥት ዋጋና በጥቁር ገበያ ዋጋ መካከል ያለው ልዩነት፣ ከመሠረታዊ ማኅበሩ መጋዘን ለሚያወጣ ሰው ትርፍ ይሆናል። ለወረዳው ስንት ኩንታል መጣ፣ ለቀበሌው ስንት ተመደበ፣ ማን ስንት ወሰደ የሚለው በማኅበሩ በር ላይ ቢለጠፍ፣ ዝናቡ ሳያልፍ ሊጠየቅና ሊታረም የሚችል ነገር ይሆናል። ከመኸር በኋላ የሚወጣ የኦዲት ሪፖርት ግን ያለፈውን የዘር ወቅት አይመልስም።

የሕግ መሠረቱ አለ። የ2000 ዓ.ም. የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነጻነት አዋጅ ዜጎች በመንግሥት አካላት እጅ ያለን መረጃ የመጠየቅ መብት ሰጥቷል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ደግሞ የግለሰቦች መረጃ እንዴት እንደሚያዝ ይደነግጋል። ሉክሰምበርግ የሚገኘው የአውሮፓ ፍርድ ቤት የመዘነው ያው ሚዛን በእነዚህ ሁለት ሕጎች መካከልም አለ።

ምን ዓይነት ግልጽነት?

የእነዚህ አገሮች ልምድ አንድ ላይ ሲታይ የተወሰኑ መለኪያዎችን ያመለክታል። አንደኛው መጠን ነው፤ ሁለት ጆንያ ማዳበሪያ የወሰደችን መበለት በዓለም ፊት በስም ማቆም አያስፈልግም፤ በመንደሯ ስብሰባ መታወቁ ይበቃል። ሚሊዮኖችን የሚቀበል ድርጅት ግን እውነተኛ ባለቤቱ ጭምር ሊታወቅ ይገባል።

ሁለተኛው አገባብ ነው። ከብዙ ዓመት የተደማመረ ገንዘብ ያለማብራሪያ ሲቀርብ ገበሬውን ሀብታም ያስመስለዋል፤ በዚያው ጊዜ የደረሰበትን ድርቅ፣ የከፈለውን ዕዳና የወደቀበትን የገበያ ዋጋ አያሳይም። የአሜሪካ መንግሥት ከቻይና ጋር በገጠመው የንግድ ጦርነት ሳቢያ በ2018ና በ2019 ለገበሬዎች ያቀረበው የብዙ ቢሊዮን ዶላር ካሳ ለዚህ ምሳሌ ይሆናል። ክፍያው በተቀባዩ ስም ቢመዘገብም፣ መንስኤው ገበሬው ሳይሆን የመንግሥት ውሳኔ ነበር።

ሦስተኛው ሰንሰለቱ ነው። ዝርዝሩ ከገበሬው ተጀምሮ በገበሬው የሚያበቃ ከሆነ ድሀውን እየቆጠረ አቅራቢውን፣ አጓጓዡንና ባለሥልጣኑን ያልፋል። የማላዊና የኬንያ ታሪክ ትልቁ ቀዳዳ ከላይ ሊሆን እንደሚችል ያስረዳል።

በአሜሪካ የሙታን ክፍያ የታወቀው በመንግሥት እጅ ሁለት መዝገቦች ስለነበሩና አንድ ቀን የሚያስተያያቸው ሰው ስለተገኘ ነው። መዝገቡ በሌለበት ወይም በተቆለፈበት አገር ስንት ሙት እያረሰ እንዳለ የሚያውቅ የለም። የሚያውቀው ነገር ቢኖር፣ ዝናቡ ሲጥል ማዳበሪያ ያላገኘው ገበሬ የራሱን ማሳ ነው።